የደቻቱ ልጅ ስለ ጉም ለምን ይጽፋል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚታዘዝ አንድ ድርሰት አለ፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?»። ድሬዳዋ ውስጥ የዚህን ድርሰት ደብተሮች ሰብስቦ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ጉም፣ ጭቃና አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። «ክረምት ሲገባ ምድር አረንጓዴ ካባዋን ትለብሳለች፤ ሰማዩም በጉም ይሸፈናል» ብሎ የጻፈው ልጅ ቤቱ ገንደ ቆሬ ወይም ለገሃሬ ነው። ሐምሌን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋ ላይ የዘነበው ውኃ ከተማውን የሚያቋርጠውን አሸዋማውን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ይመጣል፤ ሰው «መጣ! መጣ!» እያለ ይሮጣል፤ አሸዋው ላይ የነበረ ዕቃ ሁሉ በጥድፊያ ይነሣል። ይህንኑ ለጓደኛው በእረፍት ሰዓት «ወሪያ፣ ስማኝማ!» ብሎ፣ የውኃውን ድምፅ በአፉ እያወጣ፣ በእጁ እያሳየ ያወራለታል። ደብተሩ ውስጥ ግን አንዱም የለም።

እኛ በዚህ ከተማ አንደኛ ደረጃ ላይ አማርኛ የምናስተምር ነን። «የዘንድሮ ልጅ መጻፍ አይችልም» የሚለው ሮሮ በጋዜጣም በስብሰባም ስለበዛ አንድ ነገር ለማለት ነው የተነሣነው። ልጁ ወሬ አያጣም። የጎደለው ከአፉ ወደ ወረቀት የሚሻገርበት ድልድይ ነው፤ እሱን መሥራት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ድልድዩ 55 ተማሪ ባለበት ክፍልና በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ከደብተርና ከእርሳስ ሌላ ብዙም ሳይጠይቅ ይሠራል። እንዴት እንደሚሠራ፣ የት የት ላይ እንደሚሰናከልም ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለወላጆች እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አንቀላቅል። «ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡሩ ጋር ተቆረቆረች፤ ከአዲስ አበባ 515 ኪሎ ሜትር ትርቃለች» የሚለው ገላጭ ድርሰት ነው። ጠቃሚ ነው፣ ይማሩት። ማንም ልጅ ከማንኛውም ልጅ ሊገለብጠው ይችላል እንጂ። እኛ የምናወራው በልጁ ላይ ስለደረሰ፣ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ሊጽፈው ስለማይችል ነገር ነው፤ ገጠመኝ እንበለው። በመማሪያ መጽሐፉ ተራኪ ድርሰት ከሚባለው ወገን ነው።

ሥራው የሚበላሸው ገና ርዕስ ሲሰጥ ነው። «በሕይወቴ በጣም የተደሰትኩበት ቀን» የሚል ርዕስ ልጁን ትልቅ ነገር እንዲፈልግ ያስገድደዋል። ትልቅ ነገር ያጣ ልጅ ይፈጥራል፤ ግማሹ ክፍል በአንድ ጠዋት የልደት ኬክ ቆርሶ ያድራል። «የማልረሳው ጉዞ» ሲባልም ድሬዳዋን ለቆ የማያውቀው ልጅ አውሮፕላን ይሳፈራል። የሚሠራው ርዕስ ትንሽና የሚዳሰስ ነው። ከሁሉ የሚቀናው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ የሌለው ልጅ የለምና። «ሰውነታችሁ ላይ ያለ አንድ ጠባሳ ፈልጉ፤ ከየት መጣ?» ሲባል እጅጌ ይሰበሰባል፣ ጉልበት ይገለጣል፣ ክፍሉ ሳይታዘዝ ወሬ ይጀምራል። «የጠፋብኝ ነገር»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሱቅ የተላክሁ ለት»፣ «መብራት የጠፋ ማታ»፣ «ሳይፈቀድልኝ የቀመስኩት» የሚሉትም ጥሩ ፍሬ ይሰጣሉ። የመጨረሻው በረመዳን ሰሞን ከሆነ ሙሸበክና ሳንቡሳ ይበዛበታል፤ ይብዛ።

ከርዕሱ ቀጥሎ ማጥበብ አለ። ለልጆቹ የምንሰጠው ልክ ቀላል ነው፤ ነገሩ ከ10 ደቂቃ በላይ የፈጀ ከሆነ ሰፍቷል። «ቀፊራ ገበያ ሄድን» ሙሉ ቀን ነው፣ መያዣ የለውም። «ቀፊራ መሀል የእናቴን ነጠላ ለቅቄ የሌላ ሴት ነጠላ ይዤ የሄድኩባት» የምትለዋ ግን አንድ ደቂቃም አትሞላ፤ ታሪኩ እሷ ናት። ሦስተኛ ክፍልና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ማጥበብ ብዙ ጊዜ ይከብዳቸዋል። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለጓደኛህ ሮጠህ የምትነግረው የቱን ነው?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይረዳቸዋል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እርሳስ የማይነሣበት ነው። መምህሩ የራሱን አንድ ገጠመኝ በሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ ትንሽ ነገር ይሁን፤ ልጅ ሆኖ ሳንቲም የጣለ ለት፣ ባዶ እግሩን እሾህ ላይ የቆመ ለት። ቀጥሎ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ሦስቱ ተማሪዎች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያወራሉ። አድማጩ ሥራ አለው፤ ወሬው ሲያልቅ አንድ ጥያቄ መጠየቅ። ተናጋሪው ከዚያ ዞሮ ከኋላ ላለው ዴስክ እንደገና ይናገራል። ሁለተኛው ንግግር ከመጀመሪያው ይሻላል፤ አድማጩ የጠየቀው ነገር ይገባበታልና። ዙሩ ሁሉ 15 ደቂቃ አይፈጅም። እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ ሲባባሉ ላደጉ ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ብዙ መምህር ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ምክንያቱም 55 ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያወራ ርእሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ይላል። አስቀድሞ ማስታወቅ ነው መድኃኒቱ፤ በትምህርት ዕቅዱ ላይ «የቃል ትረካ፣ 15 ደቂቃ» ተብሎ ከሰፈረ ሱፐርቫይዘርም ምንም አይልም። ያልተነገረ ታሪክ ወረቀት ላይ ሲደርስ አጭርና ደረቅ ይሆናል። ልጁ ፊደል መልቀምና ነገር ማሰብን አንድ ላይ መሸከም አቅቶት፣ ቶሎ የሚያልቀውን መንገድ ይመርጣል።

የቀረው ጊዜ ለሥዕል ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን ይሰመራል፤ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ያኔ፣ ወዲያው በኋላ። በየሳጥኑ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሦስት ቃል ብቻ። ለዚህ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከለር እንዳይወጣ፤ ከለር የወጣ እንደሆነ መሳል የሚወደው ልጅ ሰማዩን ሲቀባ ደወሉ ይደወላል። በእርሳስ የተሠራ የእንጨት ሰው ይበቃዋል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ 231ዱን የፊደል ገበታ ገና ያልጨረሱ ልጆች እዚሁ ላይ ይቆማሉ። ልጁ ይስላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ መምህሩ ወይም ትልቅ ተማሪ ከሥሩ ይጽፍለታል፣ ልጁ ያንን ጣቱን እያስኬደ ያነባል። የራሱን ቃል ስለሆነ የሚያነበው ፊደሉም ቶሎ ይገባዋል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይጻፋል። መስመር እየዘለሉ ነው የሚጻፈው፤ ክፍት የተተወው መስመር ኋላ ለማስገቢያ ይፈለጋል። ወላጆች «ደብተር አባከነ» ብለው እንዳይቆጡ ይነገራቸው። ላጲስ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተሳሳተ ቃል በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል። ላጲስ የያዘ ልጅ አንዲት ቃል እየፋቀ፣ ወረቀት እየቀደደ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ላጲስ እየተሟገተ የመጻፊያውን ጊዜ ይጨርሳል። ለሦስተኛ ክፍል አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር፣ ለአራተኛ ግማሽ ገጽ፣ ለአምስተኛና ለስድስተኛ አንድ ገጽ በቂ ነው። መነሻ ላይ ሁለት ነገር እንከለክላለን። «ከዕለታት አንድ ቀን» የተረት ነው፣ ለተረት ይቆየው። «ጠዋት ተነሥቼ» ደግሞ የሁሉም ቀን መነሻ ስለሆነ የማንም ቀን አይደለም። ከመካከለኛው ሳጥን ጀምሩ እንላቸዋለን።

እዚህ ላይ የአማርኛ የራሱ የሆነ ችግር አለ፣ ትንሽ ልንቆይበት እንወዳለን። የሚከተለውን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ያላየ የአማርኛ መምህር የለም፤ «ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን በልቼ ዩኒፎርሜን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄጄ ተምሬ ቤቴ ተመልሼ ምሳዬን በልቼ ኳስ ተጫውቼ ወድቄ እጄን ተሰበርኩ።» ሰዋስዉ አልተሳሳተም። ቦዝ አንቀጹ፣ ማለትም እንደ «ተነሥቼ»፣ «በልቼ» ያለው ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግሥ፣ እንዲህ እንዲቀጣጠል ቋንቋው ፈቅዶለታል። ዐሥራ አንድ ግሥ ግን እኩል ቦታ ይዟል፤ ፊት መታጠብና እጅ መሰበር አንድ ክብደት አግኝተዋል። «ዓረፍተ ነገርህ ረዝሟል፣ አሳጥረው» ማለት ልጁን አይረዳውም፤ የትኛውን እንደሚቆርጥ አያውቅም። የሚሠራው ይህ ነው። ልጁ ግሦቹን ሁሉ ያሰምርባቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ለጓደኛው ሮጦ የሚነግረውን አንዱን ያክብበው። «ወድቄ» የሚለውን ያከብባል። ከ«ኳስ ተጫውቼ» በፊት ያለው በሙሉ ይሰረዝ። ከዚያ በኋላ ለተረፉት አንድ ሕግ አለ፤ አራት ነጥብ ከመምጣቱ በፊት ከሁለት በላይ ቦዝ አይደረደርም። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ይይዙታል፤ የጓደኛቸውን ደብተር ወስደው «ሦስተኛ ቦዝ ያዝኩብህ!» ይባባላሉ።

ሁለተኛው የቋንቋችን ጠባይ ደግሞ ለመምህሩ ስጦታ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዓረፍተ ነገር የሚያድገው ከግሡ በፊት ባለው ቦታ ነው። ሰሌዳ ላይ «ወደቅሁ» ብቻ ይጻፍና ከፊቱ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተው። የት? «ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ።» በምን? «በቀኝ እጄ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ።» ምን እያየህ? «ኳሷን አንጋጥጬ ሳይ በቀኝ እጄ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ።» አምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ግሥ ወስዶ እንዲሁ ያደርጋል። ከሦስት ጥያቄ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲበዛ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ጋሪ ጭነት ያዘነብላል።

ስሜትን በተመለከተ ደብተሮቹ ሁሉ ሁለት ቃል ነው ያላቸው፤ «በጣም ደስ አለኝ» እና «በጣም ደነገጥኩ»። ክው አልኩ፣ ኩም አልኩ፣ ድርቅ አልኩ፣ ልቤ ድው ድው አለ፣ ሁላችንም ጭጭ አልን፣ መብራቱ ድርግም አለ የሚል ቋንቋ ይዘን! እነዚህን ልጁ ሲያወራ ይጠቀምባቸዋል። ደብተር ላይ የሚጠፉት «የአፍ ቋንቋ ነው» ተብለው በቀይ ስለተሰረዙበት ነው። በአንድ ካርቶን ላይ ዐሥራ አምስት ያህሉን ጽፎ ግድግዳ ላይ መስቀልና በየሳምንቱ ልጆቹ ከቤት የሰሙትን ሁለት መጨመር ይበቃል። አንድ ገጽ ላይ ግን ከሁለት በላይ አይፈቀድ፤ አለበለዚያ ልጁ በየመስመሩ ክው ይላል።

ንግግርን በሚመለከት የእኛ ከተማ የራሷ ጣጣ አላት። ድሬዳዋም ሐረርም ትልቅ ሰውን «አንተ» «አንቺ» ማለት ንቀት አይደለም። ልጁ እናቱን «እማዬ፣ ነይ!» ብሎ ጠርቶ ሳለ ደብተሩ ላይ «እማዬ፣ ይምጡ» ብሎ ሲጽፍ፣ ወይም መምህሩ እንዲያ አድርጎ ሲያርመው፣ ታሪኩ የሌላ ቤት ታሪክ ሆነ። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው በእርግጥ የተባለው ይሁን፤ «አቦ ተወኝ» ከተባለ «አቦ ተወኝ» ተብሎ ይጻፍ። ከጥቅሱ ውጭ ያለውን በትምህርት ቤቱ አማርኛ ማስተካከል ይቻላል። ልጁም ሁለቱን ለይቶ ማወቁ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አማርኛ የሚማር የሶማሌ ልጅ አያቱን «አዬዮ»፣ የኦሮሞ ልጅ «አኮ» ብሎ ከጻፈ እንዲሁ ይተውለት። «አያቴ» ተብሎ ሲታረምበት የተረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቤቱ ነገር ደብተር ላይ ቦታ እንደሌለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉም ነው የሚጽፈው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለማሻሻልና ለማረም ነው፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ማሻሻል ማለት አንድ ቦታ ብቻ መርጦ ማስፋት ነው። ጓደኛው ያነብለታል፣ «እዚህ ጋ አልታየኝም» የሚልበትን ቦታ በጣቱ ይነካል፤ ጸሐፊው በዘለለው መስመር ላይ የማስገቢያ ምልክት አድርጎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምራል። «ሙሉውን እንደገና ጻፉ» የተባለ ክፍል የሚያመጣው ያንኑ ጽሑፍ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው።

እርማት ላይ የምንከራከርበት ነገር አለ፣ ሁሉም ባልደረቦቻችን ከእኛ ጋር አይስማሙም። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ በሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ በሰና ሠ፣ በአና ዐ፣ በጸና ፀ ስሕተት ላይ ነጥብ መቁረጥ የለብንም እንላለን። ድምፁ አንድ ስለሆነ ልጁ በጆሮው ሊያገኘው አይችልም፣ በዓይን ልምድ ብቻ የሚመጣ ነው። «ሄድኩ» እና «ሄድሁ»ም ሁለቱም ያስኬዳሉ። የፊደል ዘር ስሕተት ግን ወዲያው ይታረም፣ ትርጉም ይለውጣልና። «ውሻዬ ሞተ» ሊል የፈለገ ልጅ «ውሻዬ መታ» ብሎ ጽፎ ያውቃል፤ ክፍሉ ሁሉ «ማንን?» ይላል። በአንድ ዙር ሦስት ነገር ብቻ ይታረም፤ የጎደለ አራት ነጥብ፣ የፊደል ዘር፣ ትእምርተ ጥቅስ። ደብተሩ በቀይ ከተጥለቀለቀ ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ የማይሳሳትባቸውን ጥቂት ቃላት ብቻ መርጦ ይጽፋል።

55 ደብተር በአንድ ማታ አይታረምም። በቀን ዐሥራ አንድ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ በአምስት ቀን ያልቃል። ከሥሩ «በጣም ጥሩ፣ በርታ» ከሚባል አንድ ጥያቄ ይጻፍ፤ «ያቺ ሴት ስታይህ ምን አለች?» የሚል። ነጥቡ ለተከታታይ ምዘና የሚያዝ ከሆነ ከ10 አራቱ ነገሩ ምን እንደሆነ ስለመታወቁ፣ ሦስቱ ስለሚታይና ስለሚሰማ ዝርዝር፣ ሁለቱ ስለ ማሻሻሉ፣ አንዱ ስለ ሥርዓተ ነጥብ ቢሆን ልጁ የት ላይ መልፋት እንዳለበት ያውቃል።

ታሪኩን ለሌሎች ማካፈል ጌጥ ይመስላል፣ በአማርኛ ግን ከሌላው ሁሉ የማይነጠል ሥራ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን፣ ማለትም ድምፁ ጠብቆ ይሁን ላልቶ መነበቡን፣ አያሳይም። «ዋና» መዋኘት ይሁን ዋነኛው፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ ወረቀቱ አይናገርም፤ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። የሕፃን ጽሑፍ በሌላ ሰው ሲነበብ የሚንተፋተፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያነበው ራሱ ጸሐፊው ይሁን። ጮክ ብሎ ሲያነብ የጎደለውን ቃል አፉ ይጨምረዋል፣ ያኔ ራሱ «ኦ፣ እዚህ የለም» ብሎ ያርማል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ በአንድ ከፊት ወጥተው ሦስት ሦስት ደቂቃ ካነበቡ በክፍለ ጊዜ ከ13 ልጅ በላይ አይደርሰውም፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተይዞ 55ቱን ለመጨረስ አምስት ሳምንት። ያ አይሆንም። በአምስት በአምስት ዐሥራ አንድ ቡድን ሆነው በየቡድኑ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢያነቡ ሁሉም በ15 ደቂቃ አንብበዋል። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ለሌላ ነገር ሲውል ብዙ ተብሎበታል፤ ለዚህ ግን ልክ ነው። ግማሹ ቡድን ውጭ በዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ድምፅ አይጋጭም። ጊዜው ግን የጠዋት አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ መሆን አለበት። በከሰዓት ፈረቃ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማንም ማንንም አይሰማም።

አድማጭ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳል፤ «የታየኝ ነገር…» ብሎ አንድ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ። «ቆንጆ ነው» አይቆጠርም። ደረጃ አይሰጥም፣ አንደኛ ሁለተኛ የለም። ጭብጨባም ለሁሉም እኩል ነው፣ ወይም ለማንም የለም። ሲያነብ የሚሳቅበት ልጅ ሁለተኛ አያነብምና መምህሩ ሳቁን ለይቶ ማወቅ አለበት። ልጁ ራሱ እየሳቀ ከሆነ ይሳቁ፤ በአነባበቡ ወይም በአማርኛው ከሆነ የሚስቁት ቡድኑ እዚያው ይቋረጣል።

ከማካፈል በፊት ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የማይነበብ ታሪክ አለ። ለዚህ የተለመደ ምልክት እናድርግ፤ ልጁ የገጹን ጥግ ካጠፈ ከመምህሩ በቀር ማንም አያነበውም፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። የ1998ቱ ጎርፍ ሰው የወሰደባቸው ቤተሰቦች ልጆች ዛሬም ከዴስኮቹ ላይ አሉ። እነሱ በዓይናቸው አላዩትም፣ ከቤት ግን ሰምተዋል። እንዲህ ያለውን «የሰማሁት» ብለው ለይተው ይጻፉ፤ ማካፈሉን የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ሌላ ሰው ያለበት ታሪክ ከክፍል ከመውጣቱ በፊት ስሙ ይቀየር። ልጅ እየተመታ ወይም እየተጎዳ እንደሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ አይታረም፣ ነጥብ አይሰጥበት፣ በመምህራን ክፍል ውስጥ አይወራ። መምህሩ ልጁን ለብቻው «አንብቤዋለሁ» ይበለው፣ በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩ ያሳውቅ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ይቅረብ። «ማንም አይሰማም» የሚል ቃል ለልጁ አይግባ፣ ሊጠብቀው አይችልምና።

በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያም አለ። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ሁለት ደቂቃ፣ ለአንድ ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በቂ ነው። ግማሽ ገጽ ቀስ ተብሎ ሲነበብ ያን ያህል ይወስዳል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ልጆች ሲጠጉት ሸ እና ጨ ብቻ ነው የሚሰማው።

የክፍል መጽሐፍ ለሚሠሩ ደግሞ ልኩ ይኸው። 28 የኤፎር ወረቀት መሀል ላይ ሲታጠፍ 56 ቅጠል ይሆናል፣ ለ55 ልጅ አንድ አንድ ቅጠል፣ የተረፈው ለርዕስ። 28ቱን ባንድ ላይ ማጠፍ አይሞከር፣ የውስጠኞቹ ገጾች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሰባት ሰባት አድርጎ አራት ጥራዝ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይሰፋል፤ ከእጥፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ካልተተወ ቃሉ ስፌት ውስጥ ይገባል። በወስፌ ሦስት ቀዳዳ፣ በጠንካራ ክር፣ ከዚያ የካርቶን ሽፋን። መጽሐፉ በየተራ አንድ አንድ ማታ ወደ ቤት ይሂድ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ልጃቸው እያነበበላቸው የጎረቤት ልጆችን ታሪክ ይሰማሉ፤ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ከሚነበብ ሪፖርት ይህ ይበልጥ ያነጋግራቸዋል።

ለወላጆች አንድ ነገር እንለምናለን፤ አትጻፉላቸው። «በዕለቱ» እና «ከፍተኛ ደስታ ተሰማኝ» የሚሉ ቃላት ሦስተኛ ክፍል ደብተር ላይ ሲገኙ የማን እጅ እንደገባ ይታወቃል። በዚህም ምክንያት ገጠመኝ የቤት ሥራ እንዳይሆን፣ ክፍል ውስጥ ብቻ እንዲጻፍ እንመክራለን። ቤት ውስጥ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ ልጁ ሲያወራ «ከዚያስ?» ማለት።

መዝጊያ ላይ የሚበቅለውን ጅራትም ሁሉም ያውቀዋል፤ «ስለዚህ ልጆች ወላጆቻችንን ማክበር አለብን»። ነጠላ ስለ መሳሳት የጻፈች ልጅ እንኳ በመጨረሻው መስመር ትመክራለች። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ከየምንባቡ ሥር ሲያዩ አድገዋል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በእጃቸው ሸፍነው ቀሪውን እንዲያነቡት እናደርጋለን። ታሪኩ ካልጎደለበት ይሰረዛል። ብዙውን ጊዜ አይጎድልበትም።

ከትምህርት ቢሮው የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በየመንፈቀ ዓመቱ አራት ተከታታይ ሳምንት፣ በሳምንት አንድ የጠዋት ክፍለ ጊዜ፣ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ለዚህ ይያዝ፤ አራተኛው ሳምንት ለማካፈል። የምንባብ ገጽ ማዳረስ አልቻልንም ለሚሉ መምህራን ደግሞ ሱፐርቫይዘሮች ይህን እንደ ተሸፈነ ይዘት ይቁጠሩላቸው።

ከጋዜጣችሁም አንድ ነገር። በልጆች ገጻችሁ ላይ ለገጠመኝ ጥቂት ቦታ ስጡን፤ 150 ቃል ይበቃል። ስም የመጀመሪያው ብቻ፣ ከክፍሉ ጋር ይሁን፤ የትምህርት ቤቱ ስምና ፎቶግራፍ ይቅር። አራት ነጥቡን አርሙ፣ ፊደሉን አስተካክሉ፤ «አዬዮ»ን፣ «አቦ»ን እና «ክው አልኩ»ን ግን እንዳትነኩብን። እኛ በየወሩ ሁለት መርጠን እንልካለን። ልጁ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ፣ ደንገጎ ላይ፣ በዓይኑ አይቶት ካልሆነ በቀር ጉም ያለበትን አንልክም።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ ቋንቋ መምህራን
ከድሬዳዋ